ቀኝ ልብ ሲጨነቅ፦ የሳንባ ደም መርጋት በወልቂጤና በቡታጅራ

ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ሰው በወልቂጤም በቡታጅራም የየዕለት ነገር ነው። ሳንባ ምች አለ፤ አስም አለ፤ ቲቢ አለ፤ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር ያበላሸ ሕመም አለ፤ ደም ማነስ አለ። ከእነዚህ መሐል አንዱ የሌሎቹን መልክ ይዞ ይመጣል። በእግር ወይም በዳሌ ውስጥ ባለ ደም መላሽ ሥር የረጋ ደም ይነቀልና በቀኝ ልብ አልፎ ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። ደረት ይወጋል፣ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ አንዳንዱን በቆመበት ይጥላል። ቤተሰብ «ውጋት ነው» ይላል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ «ሳንባ ምች» ተብሎ ይጻፋል።

በዚህ ሕመም የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ሳንባው ስለተዘጋ ብቻ ሳይሆን ቀኝ ልቡ ስለደከመ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ የረጋ ደም አለ ወይ የሚለው ነው። ሌላው ልቡ ምን ያህል ተጨንቋል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በእርግጠኝነት የሚመልሰው መድኃኒት ተወግቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው፤ ያ ደግሞ ለብዙ የገጠር በሽተኛ ሩቅ ነው። ሁለተኛው ግን በዓይን፣ በእጅ፣ በኢሲጂና እርግዝና በሚታይበት አልትራሳውንድ ጭምር በአመዛኙ ሊመለስ ይችላል። እኔ የማምነው፣ በጉራጌ ከተሞች ያለ ሐኪም ጉልበቱን ማዋል ያለበት በዚህ በሁለተኛው ላይ መሆኑን ነው። መንገድ ላይ የሚሞተው ማን እንደሆነ ቀድሞ የሚነግረው እሱ ነውና።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ቡታጅራ በደቡብ በኩል ወደ 130 ኪሎ ሜትር። ሁለቱም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። በወልቂጤ አካባቢ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል አለ፤ ቡታጅራም የራሷ ጠቅላላ ሆስፒታል አላት። ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ በሽተኛ ወሊሶን ሲያልፍ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል በመንገዱ ላይ ነው። ርቀቱ በካርታ ሲታይ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን አምቡላንስ እስኪገኝ፣ ነዳጅ እስኪሞላ፣ የሚቀበል አልጋ በስልክ እስኪጠየቅ ያለው ጊዜ ሲደመር፣ የተጨነቀ ልብ ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላል።

የቀኝ ልብ ግድግዳ ስስ ነው። ሥራው ከመላ ሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ማሻገር ሲሆን የሳንባ ደም ቧንቧዎች ደግሞ ሰፊና ገር ናቸው፤ በጤነኛ ሰው ውስጣቸው ያለው አማካይ ግፊት ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። የረጋ ደም በድንገት ሲዘጋቸው ቀኝ ልብ የሚደርስበት ነገር ባዶ እጁን ሜዳ ላይ መሄድ የለመደን ሰው ኩንታል አሸክሞ ዳገት እንደ ማስወጣት ነው። ቀድሞ ያልተለማመደ ቀኝ ልብ አማካይ ግፊቱን ከ40 ገደማ በላይ ማድረስ አይችልም። ከቧንቧዎቹ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሲዘጋ ልቡ ይለጠጣል፤ ቀኝና ግራውን የሚለየው ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋል፤ ግራው የሚረጨው ደም ያንሰዋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ቀኝ ልብ ራሱ የሚመገበው ደም ይቀንሳል፤ የተራበው ጡንቻ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ከዚህ አዙሪት ከገቡ በኋላ መውጣት ከባድ ነው። ሐኪሙ ሊደርስበት የሚገባው ጊዜ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ የደም ግፊቱ ገና ደህና ሆኖ ልቡ ግን መለጠጥ የጀመረበት ጊዜ።

ይህ ሕመም በአካባቢው ምን ያህል ሰው ይገድላል ቢባል ቆጥሮ ለመናገር የሚያስችል መንገድ አልነበረም። የሚገርመው፣ በኢትዮጵያ የሰው ሞት በጥንቃቄ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ ቡታጅራ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም መረጃ ሰብሳቢዎችን ቤት ለቤት እየላከ ልደትንና ሞትን ሲመዘግብ ኖሯል። የሞት ምክንያት የሚታወቀው ግን ሟቹን ያስታመመውን ቤተሰብ በመጠየቅ ነው። አንዲት አራስ ከአልጋ ተነሥታ ስትሄድ ወድቃ ብትሞት ቤተሰቧ የሚናገረው የወደቀችበትን ሁኔታ ነው፤ የረጋ ደም በጥያቄ አይታይም። አስከሬን እምብዛም ተከፍቶ የማይመረመርበት አገር ይህን ሕመም የሚያውቀው በሕይወት ያሉት ላይ ሲፈልገው ብቻ ነው።

ለመፈለግ ደግሞ ማንን መጠርጠር እንደሚገባ ማወቅ ይቀድማል። አራሷ ከሁሉ ትቀድማለች። እርግዝና ደምን የመርጋት ጠባይ ይሰጠዋል፤ አደጋው ከፍ የሚለው ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ነው፤ በተለይ በቀዶ ሕክምና ለወለደች፣ ደም ለፈሰሳት፣ ኢንፌክሽን ለያዛት። በአካባቢያችን ለአራስ የሚደረገው እንክብካቤ ክቡር ነው፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቡናው፣ የጎረቤቱ መሰብሰብ። ነገር ግን «አትነሺ፣ አትንቀሳቀሺ» የሚለው ክፍል ለእግሯ ደም ጥሩ አይደለም። አጣጥ ሆስፒታል አደጋ ያለባቸውን እርጉዞች ምጥ ከመድረሱ በፊት አስጠግቶ በማቆየት ስሙ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ከነበሩት 24,148 ወሊዶች 6,805ቱ በዚህ የእናቶች ማቆያ ያለፉ ሴቶች ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ የደረሰው ሞትም በቀጥታ ከመጡት እጅግ ያነሰ ነበር። ሴትዮዋን ቀድሞ ማስጠጋት እንደሚያድን ያሳየ ቦታ ነውና፣ ያው ዓይን ከወሊድ በኋላ ወደ ባቷ ቢወርድ ብዙ የሚያተርፍ ይመስለኛል።

ከአራሷ ቀጥሎ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ይመጣል። የመኪናና የሞተር ሳይክል አደጋ በበዛበት መንገድ የታፋ ወይም የቅልጥም አጥንት ተሰብሮ፣ በወጌሻ ታስሮም ይሁን በሆስፒታል ጀሶ ተደርጎለት ሳምንታት የተኛ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው ጥርጣሬው ወዲያው ወደ ሳንባ ደም መርጋት መሄድ አለበት። ቲቢ ራሱ ደምን ያረጋል፤ ኤች አይ ቪም እንዲሁ፤ ካንሰር ከሁሉም ይልቅ። መስቀል ሲደርስ ከሩቅ ከተማ፣ ከውጭ አገርም ሳይቀር ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የሚገባ ሰው በአገሩ ብዙ ነው፤ ጉዞ ብቻውን ደካማ ምክንያት ቢሆንም ከሌላው ጋር ሲደመር ይቆጠራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ደም መትፋት በመጽሐፍ ይህን ሕመም ከሚያስጠረጥሩ ምልክቶች አንዱ ሲሆን በእኛ አገር ግን ሐሳብን ሁሉ ወደ ቲቢ ይወስዳል። የቲቢ ታማሚ የሆነ ሰው ትንፋሹ በድንገት ከባሰ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ መታሰብ አለበት።

ጥርጣሬው ካደረ በኋላ ልቡን መመርመር የሚጀምረው ከሁሉ ርካሽ በሆነ ነገር ነው። የልብ ምት በደቂቃ ስንት ነው? የላይኛው የደም ግፊትስ? የምቱ ቁጥር ከላይኛው ግፊት ቁጥር ከበለጠ፣ ለምሳሌ ምቱ 124 ሆኖ ግፊቱ 104 ከሆነ፣ ግፊቱ «ደህና» ቢመስልም ልቡ በጭንቅ ላይ ነው። ይህን ነርሷ በሁለት ደቂቃ ታውቀዋለች፤ ማሽንም ገንዘብም አይፈልግም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ሆኖ የቆየበትን ወይም በ40 ወርዶ ከ15 ደቂቃ በላይ ያልተመለሰበትን በሽተኛ ከፍተኛው አደጋ ላይ ያስቀምጠዋል። ለሌሎቹ ደግሞ ስድስት ቀላል ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አለ፤ ዕድሜ ከ80 በላይ መሆን፣ ካንሰር፣ የቆየ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ ምት 110 ወይም ከዚያ በላይ፣ የላይኛው ግፊት ከ100 በታች፣ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች። አንዱም ከሌለበት አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ አንዱ እንኳ ካለበት ልቡን ማየት ያስፈልጋል።

የኦክስጅኑን ቁጥር በተመለከተ ብዙ ጊዜ የምሰማው ማመካኛ «ደጋ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የጤነኛ ሰው ኦክስጅን ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ 86 ወይም 88 ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የታወቀ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ አማካዩን 95.3 በመቶ አግኝቷል፤ ያም ከወልቂጤ እጥፍ በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለ ቀላሉ መላ ጣት ላይ የሚደረገውን መለኪያ አስታማሚው ጣት ላይ ማድረግ ነው። የበሽተኛው 87፣ የወንድሙ 95 ከሆነ ተራራው ነፃ ወጥቷል። ቀጥሎ ያለው ቁም ነገር ሳንባው በማዳመጫ ሲሰማ ንጹሕ፣ ኤክስሬዩም ሲታይ ይህን ያህል የኦክስጅን ጉድለት የማያስረዳ መሆኑ ነው። ንጹሕ ሳንባና ዝቅተኛ ኦክስጅን አብረው ሲገኙ ሐኪሙ አንገቱን ማየት አለበት።

አንገት ስል የበሽተኛውን የአንገት ደም ሥር ነው። ራሱን ከፍ አድርጎ፣ ግማሽ ቁጭ ብሎ ሳለ ከአንገቱ ሥር ካለው አጥንት በላይ ገንፍሎ የሚታይ የደም ሥር ወደ ቀኝ ልብ የሚገባው ደም መግቢያ ማጣቱን ይናገራል። በደረት አጥንት ግራ ጠርዝ ላይ መዳፍ ሲደረግ እጅን የሚያነሣ ምት፣ ጎልቶ የሚሰማ ሁለተኛ የልብ ድምፅ፣ ተነክቶ የሚያም ያበጠ ጉበት፣ እነዚህ ሁሉ የቀኝ ልብ ናቸው። እጅና እግር መቀዝቀዝ፣ ላብ፣ የሽንት መቀነስ ደግሞ ግራውም መራቡን ያሳያሉ። ራስን መሳት ለብቻው መጠየቅ ያለበት ምልክት ነው፤ «ሽንት ቤት ስትሄድ ወደቀች፣ ከዚያ ግን ነቃች» ተብሎ በቀላሉ የሚታለፈው ነገር ቀኝ ልብ ለአፍታ እጅ መስጠቱን ሊያመለክት ይችላል። እግርም መገለጥ አለበት። የአንድ ባት ብቻ ማበጥና መሞቅ ትልቅ ነገር ነው፤ በደቡብ ደጋማ አካባቢዎች ባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ የቆየ የእግር እብጠት ስላለ ግን፣ እብጠቱ የከረመ ነው ወይስ የዚህ ሳምንት የሚለውን ቤተሰቡን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ኢሲጂ ነው። ይህን ሕመም በኢሲጂ ላይ ማየት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 በቦስተን ሲሆን ሲልቬስተር ማክጊንና ፖል ዋይት በሰባት በሽተኞች ላይ ያዩትን ጻፉ፤ በመጀመሪያው ሊድ ጥልቅ ኤስ፣ በሦስተኛው ሊድ ኪውና የተገለበጠ ቲ። ይህ ምልክት እስከ ዛሬ በፈተና ይጠየቃል፤ ችግሩ ብዙ በሽተኞች ላይ አለመገኘቱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው የፈጠነ ምት ብቻ ነው። ለልብ ጭንቀት ይበልጥ የሚናገረው ከቪ1 እስከ ቪ4 ባሉት ላይ የተገለበጠ ቲ ነው፤ በሦስተኛው ሊድና በቪ1 ላይ አብሮ ከተገለበጠ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የቀኝ ቅርንጫፍ መዘጋትና በኤ ቪ አር ላይ የኤስ ቲ መነሣት የከፋ ነገር እየመጣ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ። የተገለበጠ ቲ ያየ ሐኪም ብዙ ጊዜ «የልብ ጡንቻ ደም አጥሮታል» ብሎ አስፕሪን ሰጥቶ ያስተኛል። በሽተኛዋ ወጣት ከሆነች፣ በቅርቡ ከወለደች፣ አንገቷ ላይ ደም ሥር ከገነፈለ ያ ፍርድ እንደገና መታየት አለበት። ንጹሕ ኢሲጂም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ አልትራሳውንድ። በሆስፒታሎቻችንና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች እርግዝና የሚታይበት ማሽን አለ። «የልብ መመርመሪያ የለውም» ተብሎ ለልብ አይውልም። ነገር ግን ለሆድ የሚያገለግለው ያው መዳሰሻ ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር ተደርጎ ወደ ላይ ቢቀና አራቱም የልብ ክፍሎች ይታያሉ፤ አደጋ የደረሰበት ሰው ደም በልቡ ዙሪያ መፍሰሱ የሚታየውም በዚሁ መንገድ ነው። ሐኪሙ የልብ ስፔሻሊስት የሚለካውን ሁሉ መለካት አይጠበቅበትም። የሚበቃው አንድ ንጽጽር ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ቀኝ ታችኛው ክፍል ከግራው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ከግራው ከተስተካከለ ወይም ከበለጠ ተለጥጧል። ጥቂት የሠለጠነ እጅ ተጨማሪ ነገር ያያል፤ መካከለኛው ግድግዳ ወደ ግራ ተገፍቶ ክብ የነበረው ግራ ልብ በአንድ ጎኑ ጠፍጥፎ፣ ወደ ልብ የሚገባው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ወፍሮ በትንፋሽ አልቀንስ ብሎ፣ በቀኙ በር ጠርዝ ያለው ሥጋ በእያንዳንዱ ምት ከ16 ሚሊ ሜትር ያነሰ ብቻ ሲንቀሳቀስ። እ.ኤ.አ. በ1996 ማክኮኔልና ባልደረቦቹ የገለጹት ምልክትም አለ፤ የቀኙ ግድግዳ መሐሉ ሲለግም ጫፉ ግን ይዘላል። በኋላ እንደታየው ይህ በሌላ የቀኝ ልብ ሕመምም ይገኛልና ብቻውን ፍርድ አይሰጥበትም።

አልትራሳውንዱ ለምን እዚህ ይበልጥ አስፈላጊ እንደሆነ የሚያሳየው የቲቢ ጉዳይ ነው። የገነፈለ የአንገት ሥር፣ የወረደ ግፊት፣ ንጹሕ ሳንባ፤ እነዚህ ሦስቱ በሳንባ ደም መርጋት ብቻ አይመጡም። ቲቢ በልብ ሽፋን ውስጥ ውኃ ሲያቁርና ልቡን ሲያንቀው መልኩ ያው ነው። ሕክምናው ግን ተቃራኒ ነው። ለደም መርጋቱ የሚሰጠው ደም ማቅጠኛ ለታነቀው ልብ ደም መፍሰስን ሊጨምርበት ይችላል፤ የሚያድነው ውኃውን በመርፌ ማውጣት ነው። በቲቢ የተጎዳ ሳንባ ተበስቶ አየር ደረት ውስጥ ሲያፍንም አንገቱ ይገነፍላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ እሱ በአንድ ጎን ትንፋሽ ባለመሰማቱ ይለያል። እነዚህን ሦስት ሕመሞች በግምት ብቻ መለየት ሐኪምን ከባድ ፈተና ውስጥ ይጥላል፤ መዳሰሻው ግን በአምስት ደቂቃ ይለያቸዋል። አራሷም ላይ እንዲሁ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የልብ ጡንቻ ድካም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ እዚያ ላይ የሚለጠጠውና የሚለግመው በዋናነት ግራው ነው፤ ሳንባውም እርጥብ ድምፅ ይሰጣል። ለዚያ ሽንት የሚያሸናው ላሲክስ ይጠቅማል። ግፊቱ ወርዶ ቀኝ ልቡ ለተጨነቀ በሽተኛ በብዛት የተሰጠ ላሲክስ ግን የቀረችውን ግፊት ያወርዳታል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ቀርቷል። ቀኝ ልብ ተለጥጦ ተገኘ ማለት ዛሬ ተለጠጠ ማለት አይደለም። ዕድሜ ልክ የማገዶ ጭስ ስትስብ የኖረች እናት፣ ቲቢው ድኖ ሳንባው ጠባሳ የያዘ ሰው፣ የልብ በሩ የጠበበ ወጣት፣ ሁሉም የከረመ የቀኝ ልብ ጫና ሊኖራቸው ይችላል። በቡታጅራ ገጠር ቤቶች ውስጥ ያለው የጭስ ብክለት በእነ ፕሮፌሰር አበራ ቁምዬ ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟልና ይህ የአካባቢው እውነት ነው። መለያው ግድግዳው ነው። የከረመ ጫና ጡንቻን ያወፍራል፤ የቀኙ ግድግዳ ውፍረት ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጉዳዩ የቆየ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በቀኙ በር በኩል በሚመለሰው ደም የሚለካው ግፊት ከ60 በላይ ከሆነም እንዲሁ፤ ያልተለማመደ ልብ ያን ያህል መግፋት አይችልም። ግድግዳው ስስ፣ ክፍሉ ሰፊ፣ ሕመሙ የሦስት ቀን ከሆነ ግን አዲስ ነው። በከረመው ላይ አዲስ የሚደረብበት ጊዜም አለ፤ ያንን የሚለየው ማሽኑ ሳይሆን «ከመቼ ጀምሮ ነው የባሰብዎት?» የሚለው ጥያቄ ነው።

መዳሰሻው ከደረት ተነሥቶ ወደ እግር ቢወርድ ሌላ ትርፍ አለ። በብሽሽትና ከጉልበት ጀርባ ያለው ደም መላሽ ሥር በመዳሰሻው ሲጫኑት መጨፍለቅ አለበት፤ ካልተጨፈለቀ ውስጡ የረጋ ደም አለ። የሳንባ ምልክት ያለበት ሰው እግሩ ላይ ይህ ከተገኘ ሕክምናውን ለመጀመር ሲቲ ስካን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የአውሮፓው መመሪያም ይህን ይቀበላል።

ላቦራቶሪውን ባጭሩ ልለፈው። ዲ ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ ጥቅሙ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ሕመሙ የለም ለማለት ነው። በአራስ፣ በቲቢ፣ በኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን በራሱ ከፍ ይላል፤ እዚህ ከሚጠረጠሩት በሽተኞች አብዛኞቹ ደግሞ እነዚሁ ናቸው። የልብ ጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየው የትሮፖኒን ምርመራ ካለ ይጠቅማል፤ ቀኝ ልቡ ተለጥጦ ትሮፖኒኑም ከፍ ካለ ግፊቱ ደህና ቢሆንም በሽተኛው በዓይን መጠበቅ ያለበት ነው። ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ካለ ደግሞ ንባቡ ላይ «የረጋ ደም አለ» ብቻ ተብሎ መቅረት የለበትም፤ የቀኙና የግራው ስፋት ንጽጽር እዚያው ፎቶ ላይ አለና ሐኪሙ ጠይቆ ማስጻፍ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ታውቆ ምን ይቀየራል? መጀመሪያ የሚቀየረው «ግሉኮስ» የምንለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ግፊቱ የወረደ በሽተኛ ሲመጣ በእጃችን ላይ ያለው ልማድ ሁለት ሦስት ከረጢት መስቀል ነው፤ ለደም መፍሰስና ለተቅማጥ ያ ሕይወት ነው። የተለጠጠ ቀኝ ልብ ላይ ግን ውኃ ሲጨመር ይበልጥ ተለጥጦ ግራውን ይጨፈልቀዋል። ከግማሽ ሊትር በላይ እንዳይሰጥ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ካልበቃ ግፊት የሚደግፍ መድኃኒት እንጂ ተጨማሪ ውኃ አይደለም። ቱቦ አስገብቶ በማሽን ማስተንፈስም ለእንዲህ ዓይነቱ ልብ አደገኛ ነውና ሳይገደዱ አይገቡበትም።

ሁለተኛው ደም ማቅጠኛው ሄፓሪን ነው። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነና ደም የሚፈስበት ምክንያት ከሌለ የመጀመሪያው መርፌ አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት መሰጠት አለበት፤ ኢኖክሳፓሪን የሚባለው ዓይነቱ ከተገኘ በኪሎ አንድ ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር፣ በየ12 ሰዓቱ። «አዲስ አበባ ሲረጋገጥ ይጀመራል» የሚለው አሠራር በሽተኛውን ያለ ጥበቃ መንገድ ላይ ያስወጣዋል። ቤተሰብ መድኃኒቱን ከውጭ ፋርማሲ እንዲገዛ ሲላክ የሚያልፈው ሰዓት ያሳስበኛል፤ ጥቂት መርፌዎች ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለዚህ ተብለው ቢቀመጡ ወጪው የሚከብድ አይመስለኝም።

ሦስተኛው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። ይህ ግፊቱ ለወደቀ በሽተኛ ነው፤ በክልል ከተሞች ግን እንደ ልብ አይገኝም። ግፊታቸው ደህና ሆኖ ቀኝ ልባቸው ለተጨነቀ ሰዎች ሁሉ ይሰጥ ወይ የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ፔይቶ የተባለ ጥናት ከ1,000 በላይ በሽተኞች ላይ ፈትኖታል። የሞቱት ወይም ድንገት የወደቁት በሄፓሪን ብቻ ከታከሙት 5.6 በመቶ፣ ማሟሟያው ከተጨመረላቸው 2.6 በመቶ ነበሩ። ነገር ግን ስትሮክ በሄፓሪን 0.2 በመቶ የነበረው ወደ 2.4 በመቶ ከፍ አለ። ትምህርቱ ለእኛ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ መካከለኛ ወገን ሄፓሪን ሰጥቶ በየሰዓቱ ምቱንና ግፊቱን መከታተል ይበቃል፤ ማሟሟያው በሽተኛው ሲወድቅ ለመድረስ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ሊላክ የሚገባውም ይህ ሰው ነው፤ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይወድቅ።

ስለዚህ ሪፈር ወረቀቱ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። «የመተንፈስ ችግር፣ ለተሻለ ምርመራ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ተቀባዩን ሐኪም ከዜሮ ያስጀምረዋል። ምቱ፣ ግፊቱ፣ ያለ ኦክስጅን የተለካው የጣት ቁጥር፣ የአንገቱ ሥር፣ ቀኝ ልቡ በአልትራሳውንድ ከግራው መስተካከሉ ወይም መብለጡ፣ ሄፓሪን የተሰጠበት ሰዓትና መጠን ከተጻፈ በሽተኛው በተራ ሳይጠብቅ ይገባል። ኢሲጂውም ኮፒው አብሮ ይሂድ፤ የመጀመሪያው ኢሲጂ ከቆየ በኋላ ከሚነሣው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይናገራል።

ድኖ ለሚመለሰውም ሰው ሥራው ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ይቀጥላል። ደም ማቅጠኛው ቢያንስ ለሦስት ወር ይወሰዳል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይ ኤን አር የሚባለውን ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል፤ ለምታጠባ እናት ግን ዋርፋሪን አይከለከልም፤ ይህን ሳይነገራቸው መድኃኒቱን ወይም ጡቱን የሚያቋርጡ እናቶች እንዳይኖሩ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንን ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል፤ የአዲሶቹን ደም ማቅጠኛዎችም፣ የሪቫሮክሳባንን ጭምር፤ ስለዚህ የዋርፋሪኑ መጠን በቅርብ ክትትል ይስተካከላል፤ የቲቢው መድኃኒት ሲያልቅ ደግሞ ዋርፋሪኑ ካልተቀነሰ ደም ያፈሳል። በሦስተኛው ወር ዳገት ሲወጣ አሁንም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ልቡ እንደገና በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) መታየት አለበት። በጥቂቶቹ ላይ የረጋው ደም ሳይሟሟ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ቀኝ ልብ ስስ ግድግዳውን እያወፈረ የሚሸከመው ጫና የከረመ ይሆናል፤ ያም ሰው ወደ አዲስ አበባ የልብ ክትትል መላክ ያለበት ገና ቆሞ እየሄደ ሳለ ነው።